ኤስፔራንቶን ከሐዋሳ ሆኖ መማር፦ ሌርኑ፣ ዱዎሊንጎ እና ኩርሶ ዴ ኤስፔራንቶ ሲመዘኑ

ኤስፔራንቶን በነጻ ከሚያስተምሩት መካከል እዚህ የሚመዘኑት ሦስት ናቸው፤ ሌርኑ የተባለው ድረ ገጽ፣ ዱዎሊንጎ የተባለው መተግበሪያ፣ እና ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ኩርሶ ዴ ኤስፔራንቶ። መለኪያው አንድ ነው። ሐዋሳ የሚኖር፣ አፉን በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ የፈታ፣ እንግሊዝኛ አንብቦ የሚረዳ፣ ዳታውንም ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ከየትኛው ምን ያገኛል? ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ ዋናው መማሪያችሁ ሌርኑ ይሁን። ኩርሶ ዴ ኤስፔራንቶን ኔትወርክ ለሚጠፋበት ቀን ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑት። ዱዎሊንጎ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሟሟቂያ ከመሆን አያልፍም። ሦስቱም የሚጋሩት ጉድለት አለ፤ ሲዘጋጁ የታሰበው የአውሮፓ ቋንቋ የሚናገር ተማሪ ነው። እነሱ «እዚህ ጋ ተጠንቀቁ» የሚሉበት ቦታ ለእኛ ቀላል ሆኖ እናገኘዋለን፤ እኛ የምንወድቅበትን ደግሞ ዝም ብለው ያልፉታል። ስለዚህ ይህ ግምገማ ከመማሪያዎቹ ጎን ለጎን፣ አማርኛ ተናጋሪው የት የት እንደሚሰናከልም ያያል።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ ኤስፔራንቶ የዓለም የጋራ መግባቢያ እንዲሆን ታስቦ የተፈጠረ ቋንቋ ነው፤ የፈጠረውም የዓይን ሐኪሙ ሉድቪክ ዛመንሆፍ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1887 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ውስጥ በሩስኛ ታተመ። መሠረታዊ ሕጎቹ 16 ናቸው፤ ስም ሁሉ በኦ፣ ቅጽል በአ፣ ተውሳከ ግስ በኤ ይጨርሳል። ግስ በአሁን ጊዜ አስ፣ በኃላፊ ኢስ፣ በትንቢት ኦስ ይይዛል። ከዚህ የሚያፈነግጥ ግስ የለም።

ሌርኑ የተከፈተው በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሆን አሁን ያለውን መልክ ያገኘው በ2016 ነው። በኢሜይል ብቻ ትመዘገባላችሁ፤ ክፍያ አይጠይቅም። ዋናው ኮርስ «ላ ቴኦሪኦ ናካሙራ» በሚል ተከታታይ ታሪክ ላይ የተገነባ ሲሆን 26 ክፍሎች አሉት። በየክፍሉ ታሪኩን ታነባላችሁ፣ ድምፁን ትሰማላችሁ፣ የሰዋስው ነጥቡ ይብራራል፣ ከዚያ መልመጃ ይከተላል። የሌርኑ ትልቁ ብልጫ ማብራሪያው ነው። አንድ ነገር ለምን እንደዚያ እንደሆነ በቀጥታ ይነግራችኋል፤ ከምሳሌ ገምታችሁ እንድትደርሱበት አይተዋችሁም። ከኮርሱ ውጭ ደግሞ ሙሉ የሰዋስው ክፍል፣ መዝገበ ቃላትና በደረጃ የተለዩ የንባብ ጽሑፎች አሉት። ገጹ ባብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ አይበላም፤ ድምፆቹን ካፌ ዋይፋይ ስታገኙ ብትሰሟቸው ይበቃል።

የሌርኑ ድክመት ክለሳ ነው። ያለፈውን ቃል በሳምንቱ ወይም በወሩ መልሶ አያመጣላችሁም። አሥረኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ የሦስተኛው ግማሹ ይጠፋል። መፍትሔው አንኪ የተባለው የመከለሻ ካርድ መተግበሪያ ነው፤ በአንድሮይድ ስልክ ነጻ ሲሆን ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ካርዱ ላይ ግን ብቻውን የቆመ ቃል አትጻፉ። ፊት ለፊቱ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ ከጀርባው የኤስፔራንቶ ዓረፍተ ነገር ይሁን። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ባለው ጉዳይ ይገባችኋል።

አማርኛ ተናጋሪ ኤስፔራንቶን ሲማር ትልቁ ወጥመድ ቀላል የሚመስለው ነገር ነው፤ የተሳቢ «ን»። ኤስፔራንቶም ልክ እንደ አማርኛ ተሳቢውን በን ያመለክታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወራት የሚፈጅበትን ነገር አማርኛ ተናጋሪው በመጀመሪያው ቀን «ይህማ የኔው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። አማርኛ ን የሚጨምረው ተሳቢው የታወቀ ሲሆን ነው። «መጽሐፉን አነበብኩ» እንላለን፤ የትኛው እንደሆነ ካልተለየ ግን «መጽሐፍ አነበብኩ» ብለን ን እንተዋለን። ኤስፔራንቶ እንዲህ አይለይም፤ ታወቀም አልታወቀም ን ግዴታ ነው። «ሚ ሌጊስ ሊብሮን» ማለት ያለበት አማርኛ ተናጋሪ «ሚ ሌጊስ ሊብሮ» ይላል። ጆሮው ምንም የጎደለ ነገር ስለማይሰማ ስህተቱን ራሱ አይደርስበትም።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይብሳል። «ትልቁን መጽሐፍ አነበብኩ» ስንል ን ቅጽሉ ላይ ገብታ ስሙ ባዶውን ይቀራል። በኤስፔራንቶ ቅጽሉም ስሙም ይይዛሉ፤ «ሚ ሌጊስ ላ ግራንዳን ሊብሮን»። የእኛ ሰው ግን «ላ ግራንዳን ሊብሮ» ብሎ ይጽፋል። ለሐዋሳ ሰው የሚቀርብ ምሳሌ እንውሰድ፤ «ሐይቁ ዳር ትኩስ ዓሣ በላን»። እዚህ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም የተሳቢ ን የለም፤ «በላን» ላይ ያለችው «እኛ» የምትል ናት። በኤስፔራንቶ «ኒ ማንጂስ ፍሬሻን ፊሾን ቼ ላ ላጎ» ይሆናል፤ ሁለት ን። ዓሣው ብዙ ከሆነ «ፍሬሻይን ፊሾይን»፤ የብዙ ቁጥሯ «ይ» ትቀድማለች፣ ን ትከተላለች፣ ሁለቱም በሁለቱም ቃላት ላይ ይገባሉ። ካርዳችሁ ላይ «ዓሣ በላን»፣ «ቡና ጠጣሁ»፣ «ጀልባ አየን»፣ «ዳቦ ገዛች» እያላችሁ ን የሌላቸውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ለሁለት ሳምንት ብትሠሩ ይህ ስህተት ከሥሩ ይነቀላል። ከሦስቱ መማሪያዎች ይህን ነጥብ ለይቶ የሚያስጠነቅቅ የለም።

ከዚያው ምሳሌ ሌላም ነገር ይታያል። አማርኛ ግሱ ውስጥ ባለቤቱን ይይዛል፤ «በላን» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። የኤስፔራንቶ ግስ ግን በመደብ አይለወጥም፤ ማንጂስ ለእኔም ለእሷም ለእነሱም ማንጂስ ነው። ስለዚህ «ኒ» ወይም «ሺ» ወይም «ኢሊ» ካልተባለ ማን እንደበላ አይታወቅም። በአንጻሩ የቃላት ቅደም ተከተል ብዙ አያስጨንቅም። ግሱን መጨረሻ ላይ ብታውሉት፣ «ኒ ፊሾን ማንጂስ» ብትሉ፣ ትክክል ነው፤ ን ተሳቢውን ስለለየችው ማንም ይረዳችኋል። ዱዎሊንጎ ላይ ግን መልሱ የሚታረመው አስቀድሞ ከተመዘገቡ ዓረፍተ ነገሮች ጋር ተነጻጽሮ በመሆኑ፣ ትክክለኛ ሆኖ ያልተመዘገበ ቅደም ተከተል ስህተት ተብሎ ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ሰዋስዋችሁን አትጠራጠሩ።

ወደ ድምፅ እንምጣ። አምስቱ አናባቢዎች በፊደላችን ኡ፣ ኢ፣ አ፣ ኤ፣ ኦ ናቸው፤ ለእኛ ቀላል ናቸው። ሽ፣ ች፣ ጅ እና ዥ የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ሁሉም ከላያቸው ምልክት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ናቸው። ችግር ያለው ምልክት የሌላት «ሲ» ላይ ነው። ድምፅዋ «ትስ» ነው፤ ት እና ስ ባንድ ላይ ሳይፈነዱ። ሰላም የሚለው ቃል «ፓትሶ» ተብሎ ይነበባል። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው «ፓኮ» ወይም «ፓሶ» ይላል፤ ጸ የምትቀርበው ሰው «ፓጾ» ይላል፤ በሲዳምኛ ወይም በኦሮምኛ በላቲን ፊደል ማንበብ የተማረ ደግሞ እዚያ «ሲ» ጨ ስለሆነች «ፓጮ» ይላል። ሐዋሳ ውስጥ ሦስቱም ዓይነት አንባቢ አንድ ክፍል ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ በቡድን የምትማሩ ከሆነ ይህችን ፊደል በመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ጨርሷት። «ጄ» የምትባለዋ ፊደልም እንዲሁ፤ በኤስፔራንቶ ይ እንጂ ጅ አይደለችም።

ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ በኤስፔራንቶ የሉም፤ ላላ ብሎ በት፣ በክ፣ በች፣ በፕ መናገር ነው። ቭን ወደ ብ መውሰድ ትርጉም ያበላሻል፤ «ቬሮ» እውነት ሲሆን «ቤሮ» እንደ እንጆሪ ያለ ፍሬ ነው። ቃል በሁለት ተነባቢ ሲጀምር ምላሳችን እ ማስገባት ይወዳል፤ «ስክሪቢ» (መጻፍ) «እስክሪቢ» ይሆናል። አጽንዖቱ ሁልጊዜ ከመጨረሻው በፊት ያለው አናባቢ ላይ ነው፤ ስለዚህ ራዲዮ «ራዲኦ» ተብሎ በሦስት ቀለም፣ ዲ ላይ ተረግጦ ይነገራል። እዚህ የኤስፔራንቶ ቃላት ለንባብ እንዲመች በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ደብተራችሁ ላይ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በግዕዝ ፊደል አትጻፉ። ሳድሳችን አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ መጥበቅና መላላትም አይታይም። በእሱ የተጠና ቃል አፍ ላይ ሲመጣ ሌላ ቃል ሆኖ ይወጣል።

ስለ አጻጻፍ ሌላ አንድ ነገር፦ ምልክት ያላቸው ፊደላት ስድስት ናቸው። ስልክ ላይ ጂቦርድ የተባለውን ኪቦርድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኤስፔራንቶን እንደ ቋንቋ ጨምሩ። ኮምፒውተር ላይ ኪቦርዱን መቀየር ካልፈለጋችሁ ከፊደሏ ኋላ «ኤክስ» ጨምሮ የመጻፍ የቆየ ዘዴ አለ፤ ተናጋሪዎቹ ሁሉ ያውቁታል፣ ኤክስም በኤስፔራንቶ ፊደል ውስጥ ስለሌለች አትምታታም። በኦሮምኛና በሲዳምኛ ጽሑፍ ኤክስን እንደ ጠ ማንበብ የለመደ ግን ለጥቂት ቀን ዓይኑ ይታለላል።

ዱዎሊንጎ የኤስፔራንቶ ኮርሱን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የከፈተው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኋላ በስፓኒሽ፣ በፖርቱጋልኛና በፈረንሳይኛም መጣ። በአማርኛ የለም። ጥሩ ጎኑ ልማድ ማስያዙ ነው፤ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያስቀምጣችኋል፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ቃላት ያለ ድካም ያስይዛል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ማብራሪያው ሳሳ ያለ ነው፤ ን ለምን ገባች ብላችሁ ስትጠይቁ መልስ የምታገኙት ሌላ ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ኮርሱን የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ የበጎ ፈቃደኞቹ አሠራር በ2021 ተዘጋ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ሥር የነበረው የጥያቄና መልስ ቦታም በኋላ ቀረ። ለጀማሪ ትልቁ ሀብት እዚያ ውስጥ የነበረው ማብራሪያ ነበር። በነጻ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ማስታወቂያና ገደብ አለው፤ ኢንተርኔትም ይፈልጋል። እንግዲህ እንደ ማሟሟቂያ ተጠቀሙበት፤ ኮርሱን መጨረስ ኤስፔራንቶ መቻል እንዳይመስላችሁ።

ኩርሶ ዴ ኤስፔራንቶ መልኩ ያረጀ ፕሮግራም ነው፤ ይህ ግን አያሰናብተውም። ከብራዚል የመጣ ሲሆን 12 ትምህርቶች፣ ድምፅና ብዙ መልመጃ ይዟል። አንዴ አውርዳችሁ ከጫናችሁት በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። አንዱ ካወረደው ለሌላው በፍላሽ ማካፈልም ይቻላል። ድምፅ የመስማት መልመጃው ከሌርኑ ይሻላል፤ ቃል ሰምቶ መጻፍ ስላለው ከላይ ያልነውን የትስ እና የቭ ችግር ቶሎ ያወጣዋል። የሠራችሁትን በኢሜይል ለበጎ ፈቃደኛ አራሚ የመላክ ዘዴም ይዞ ነው የተሠራው። ሰው ካረመላችሁ ን ላይ ያለው ስህተት በሦስት ደብዳቤ ውስጥ ይጸዳል፤ ማሽን የማይሰጠው ይህ ነው።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው 45ቱ ተዛማጅ ቃላት ላይ ሲደርስ ነው። እነዚህ አምስት መነሻዎች (ኪ፣ ቲ፣ ኢ፣ ቺ፣ ኔኒ) ከዘጠኝ መድረሻዎች ጋር ተባዝተው የሚወጡ ናቸው። ሠንጠረዡን እንዳለ የሚሸመድድ ይደክማል። መጀመሪያ የኪን መስመር ብቻ ያዙ፤ ኪኡ (ማን)፣ ኪኦ (ምን)፣ ኪኤ (የት)፣ ኪአም (መቼ)፣ ኪአል (ለምን)፣ ኪኤል (እንዴት)፣ ኪኦም (ስንት)፣ ኪአ (ምን ዓይነት)፣ ኪኤስ (የማን)። ዘጠኙ ጥያቄዎች አፍ ላይ ከገቡ ኪን በቲ ስትለውጡ መልሱን፣ በኔኒ ስትለውጡ አሉታውን ታገኛላችሁ፤ ኪአም ቲአም፣ ኔኒአም እያለ ይሄዳል። አንድ ሳምንት ለአንድ መስመር ስጡ።

በተቃራኒው መጻሕፍቱ «ከባድ» የሚሉት የቦዝ ቅርጽ ለአማርኛ ተናጋሪ አይከብድም። «ላ ሌቴሮ ኤስታስ ስክሪቢታ» ደብዳቤው ተጽፏል ነው፤ «ስክሪባታ» እየተጻፈ ነው፤ «ስክሪቦታ» ሊጻፍ ነው። ሦስቱን መልኮች በአፋችን በየቀኑ ስለምንለያቸው መምህር ሳያስፈልግ ይገባሉ። ቃል የመገንባቱም ነገር እንዲሁ ነው። «ኤይ» የቦታ ቅጥያ ናት፤ ማንጂ መብላት ነውና ማንጄዮ ምግብ ቤት፣ ሌርኒ መማር ነውና ሌርኔዮ ትምህርት ቤት ይሆናል። እኛ «ቤት» እያልን የምንሠራው ያንኑ ነው። ረዘም ያለ ቃል ሲገጥማችሁ ፍቱት፤ «ማልሳኑሌዮ» ማል (ተቃራኒ)፣ ሳን (ጤና)፣ ኡል (ሰው)፣ ኤይ (ቦታ) እና የስም ኦ ነው፤ ሆስፒታል ማለት ነው። አሥር ያህል ቅጥያ በሚገባ ያወቀ ሰው መዝገበ ቃላት የሚከፍትበት ጊዜ በጣም ይቀንሳል። ከጣሊያንኛ ወደ እኛ የገቡትም ያግዛሉ፤ ጋዜጣ ጋዜቶ፣ ፋብሪካ ፋብሪኮ፣ ፖስታ ፖሽቶ፣ ጎማ ጉሞ ነው።

የሚያዛልቅ ፍጥነት ይህ ነው፦ በየሦስት ቀኑ አንድ የሌርኑ ክፍል፣ በቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ከስምንት እስከ አሥር አዲስ ካርድ። 26ቱ ክፍሎች በ11 ሳምንት ገደማ ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ ኮርስ አትጨምሩ፤ ንባብ ጀምሩ። የዓለም ኤስፔራንቶ ማኅበር «ኡኤአ ፋትሲላ» በተባለው ገጹ በቀላል ቋንቋ የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎችን ከነድምፃቸው ያወጣል፤ ከኮርስ ወደ እውነተኛ ንባብ መሻገሪያ የሚሆን ከዚህ የተሻለ የለም። ሰዋስው ላይ ለሚነሳ ጥያቄ የቤርቲል ቬነርግሬን ዝርዝር የሰዋስው መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ለምን ይደከምበታል? ሐዋሳ ውስጥ ኤስፔራንቶ ሥራ አያስገኝም፤ እንግሊዝኛችሁ ገና ያልቆመ ከሆነ ጊዜያችሁን ለእንግሊዝኛ ስጡ። ቋንቋ የሚስፋፋው በገበያ፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሥራ ነው። ሐዋሳ ገበያ ላይ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ተናጋሪው የሚገበያይበትን ቋንቋ ሰዋስው አወዳድሮ አልመረጠውም። ኤስፔራንቶ እነዚያ ሦስቱም የሉትም። በ1920ዎቹ የመንግሥታቱ ማኅበር ውስጥ ለትምህርት ቤቶች ሲቀርብ ፈረንሳይ ተቃውማ አስቀርታዋለች፤ ዩኔስኮ በ1954 የድጋፍ ውሳኔ ቢያሳልፍም የየአገሩን ሥርዓተ ትምህርት አልለወጠውም። ዛሬ ደግሞ ስልክ ላይ ያለው ተርጓሚ ለመንገደኛ የሚሆነውን ጥቅም ወስዶበታል። የዓለም የጋራ ቋንቋ ይሆናል ብሎ መማር ትክክለኛ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን እንዲህ ሆን ተብለው ከተፈጠሩት ቋንቋዎች ሁሉ በስፋት በሕይወት የቆየው እሱ ነው፤ ያቆየው ግን ሰዋስው አይደለም። ከእሱ በፊት በ1879 ጀርመናዊው ቄስ ሽላየር የፈጠረው ቮላፒዩክ በፍጥነት ተስፋፍቶ በ1889 ፓሪስ ላይ ጉባኤውን በራሱ ቋንቋ እስከማካሄድ ደርሶ ነበር። ይሻሻል የሚሉትና የመጨረሻው ቃል የኔ ነው የሚለው ፈጣሪው ተጣልተው ተበተነ። ኤስፔራንቶ በ1905 መሠረቱን በአንድ መጽሐፍ አጽንቶ ማንም፣ ዛመንሆፍ ራሱም ቢሆን፣ እንዳይነካው ወሰነ። ኤስፔራንቶን ለማሻሻል በ1907 የመጣው ኢዶ የተባለ ቋንቋ ምልክት ያላቸውን ፊደላት አስቀረ፣ «ን»ንም ተሳቢው ከባለቤቱ ሲቀድም ብቻ እንድትገባ አደረገ፣ ቅጽሉም በቁጥር እንዳይለወጥ ፈቀደ። ከላይ የዘረዘርነው የን እና የምልክት ጣጣ ኢዶ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ብዙው ሰው አልተከተለውም፤ መጽሐፉ፣ ማኅበሩና ጓደኛው የነበረው ኤስፔራንቶ ውስጥ ነውና። በ1951 የወጣው ኢንተርሊንጓ ደግሞ ስፓኒሽ ወይም ጣሊያንኛ ለሚያውቅ ሳይማረው የሚነበብ ነው፤ ለእኛ ግን የቃሉ መገንቢያ እንደ ኤስፔራንቶ የተስተካከለ ስላልሆነ ጥቅሙ ያንሳል።

ሰው ጊዜውን ስለሰጠው ምን እንዳፈራ ማየት ይቻላል። የኤስፔራንቶ ውክፔዲያ ከ300,000 በላይ መጣጥፎች አሉት፤ የአማርኛው 20,000 አይሞላም። የእኛ ተናጋሪ በአሥር ሚሊዮኖች ነው። ይህ ልዩነት ቋንቋ በተናጋሪ ብዛት ብቻ እንደማይለማ ያሳያል፤ አማርኛን ለሚወድ ሰው ከኤስፔራንቶ የሚወሰደው ትልቁ ትምህርትም ይኸው ይመስለናል። በ2024 ደግሞ የዓለም ኤስፔራንቶ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ታንዛኒያ አሩሻ ላይ ተካሂዷል። በምሥራቅ አፍሪካ የሚጻጻፉት ሰው ማግኘት ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይቀላል።

ሰው ለማግኘት ቴሌግራም ላይ ያሉ የጀማሪ ቡድኖች ይበቃሉ። እዚያ ስትጽፉ ስህተቴን አርሙልኝ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ልምድ ያላቸው ተናጋሪዎች ሳይጠየቁ ላያርሙ ይችላሉ፤ ን የጎደለበትንም ዓረፍተ ነገር ተረድተው ዝም ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። ለጉዞ ወይም እንግዳ ለመቀበል ፓስፖርታ ሴርቮ አለ፤ ከ1974 ጀምሮ ኤስፔራንቶ ተናጋሪ ለኤስፔራንቶ ተናጋሪ ያለ ክፍያ ማደሪያ የሚሰጥበት መዝገብ ነው። ሐዋሳ ሆናችሁ ስትመዘገቡ ስንት ሌሊት፣ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን ቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት በግልጽ ጻፉ፤ ቤተሰብ ጋር የምትኖሩ ከሆነም ቤት ውስጥ ያሉትን አስፈቅዳችሁ ተመዝገቡ። ወረቀት የሚፈልግ ደግሞ በአውሮፓ የቋንቋ ደረጃ መለኪያ መሠረት የሚሰጥ ፈተና አለ፤ ቢ1 የተባለውን መካከለኛ ደረጃ ለመውሰድ ከሌርኑ ኮርስ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ማንበብና መጻጻፍ ይጠይቃል።